ከጢስ በፊት የሚናገር ቀለም

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ ከልጅነታችን ጀምሮ በጆሯችን የኖረ በመሆኑ ቆም ብለን የመረመርነው ጥቂት ጊዜ ነው። እሳቱ ሳይበረታ በለጋ ቅጠል አጥፋው ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን አባባሉ አንድ ነገር ሳይነግረን ያልፋል፤ ገና ያልተቃጠለ ነገር ሊቃጠል መሆኑ በምን ይታወቃል? ነበልባል ከታየ የቅጠሉ ጊዜ አልፏል። ጢስ ከሸተተም ብዙውን ጊዜ ዘግይቷል። ታዲያ ከነበልባል በፊት፣ ከጢስም በፊት፣ የእሳትን መምጣት የሚናገር ምስክር አለን?

አለን። ምስክሩ ቀለም ነው። ሲሞቁ ቀለማቸውን የሚለውጡ ነገሮች በቤታችን፣ በማድ ቤታችን፣ በመሣሪያ ግምጃ ቤታችንም ሳይቀር አሉ። ከፊሎቹን የሰው ልጅ ለዚሁ ተግባር ብሎ የሠራቸው ናቸው፤ ከፊሎቹ ደግሞ ማንም ሳያዛቸው ይመሰክራሉ።

በዛሬው የቤተሰብ ዓምድ ስለዚህ ምስክር ለመጻፍ የተነሣነው በመጽሐፍ አንብበን ስለተደነቅን አይደለም። ምስክሩ ሲናገር ሰምተን ስላላደመጥን ነው። ስለዚህ ጽሑፉ ከፊሉ ትምህርት፣ ከፊሉ ግለ ሂስ ነው። በዓምዱ ልማድ «እኛ» እያልን ብንጽፍም፣ የስሕተቱ ባለቤት አንድ ሰው መሆኑን፣ እርሱም ይህን ብዕር የያዘው መኮንን መሆኑን አንባብያን እንዲያውቁልን እንወዳለን።

ነገሩ የሆነው በ2016 ዓ.ም. ነው። በጦር ሰፈራችን የቤተሰብ መኖሪያ ስምንት አባወራዎች በአንድ የጋራ ማድ ቤት ይጠቀሙ ነበር። ማድ ቤቱ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ግድግዳው ጭቃ የሆነ ጠባብ ቤት ነው። በአንደኛው ጥግ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይገኛል፤ በሌላው ጥግ የላምባ ምድጃዎችና አንድ የላምባ ጀሪካን ይቀመጣሉ። የምጣዱ ሶኬት በግድግዳው ላይ በተመታ የእንጨት ሳንቃ ላይ ተሰክቷል። እናቶች ተራ ይዘው ይጋግራሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ምጣዱ ከጧት እስከ ማታ አይበርድም።

በኅዳር ወር መጀመሪያ በክበባችን አዳራሽ ለሠራዊቱ አባላትና ለባለቤቶቻቸው ንግግር አደረግን። ርእሱ «ንቃት» የሚል ነበር። ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል፣ ጠላት በር አንኳኩቶ እንደማይገባ፣ ትንሽ ምልክት ንቆ ማለፍ ትልቅ ጥፋት እንደሚያስከትል፣ የዘብ ዓይኑ ብቻ ሳይሆን ልቡም ሊነቃ እንደሚገባ በሰፊው አስረዳን። ጭብጨባውም ደኅና ነበር። ስንወጣ የአንድ ሃምሳ አለቃ ባለቤት በደጃፉ ቆማ ጠበቀችን። ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሣችንና እንዲህ አለች፤

«መቶ አለቃ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት ብዬ ነው። የምጣዱ ሶኬት ቀለሙ ተለወጠብኝ። ነጭ ነበር። መስከረም ላይ ቅቤ መሰለ። አሁን ደግሞ ዳር ዳሩ የተቆላ ገብስ ሆኗል።»

«ይሠራል ወይስ አይሠራም?» ስንል ጠየቅናት።

«መሥራቱንስ ይሠራል። እንጀራውም ደኅና ይወጣል። ቀለሙ ነው ያላማረኝ።»

«ከሠራማ ምን ችግር አለው፣ እትዬ? ለማንኛውም እንመዘግበዋለን» አልናት። ማስታወሻ ደብተራችንን አወጣንና «ሶኬት፣ ማድ ቤት» ብለን ጻፍን። የጻፍነው ለጥገና ክፍል ልናስተላልፍ ነበር። በማግሥቱ ሌላ ስብሰባ ነበረብን፤ ከዚያ በኋላ የመስክ ልምምድ መጣ። ሳናስተላልፍ ቀረን። ስለ ንቃት ባስተማርን በአምስተኛው ደቂቃ ትንሽ ምልክት ንቀን ማለፋችን በዚያን ጊዜ አልታየንም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ከሶኬቱ ጀርባ የነበረው ሳንቃ ተያያዘ። በማድ ቤቱ ውስጥ አንዲት ወጣት ሙሽራ ብቻ ነበረች፤ ሊጥ ልታመጣ ወጥታ ስትመለስ ነበልባሉ ቆርቆሮውን ይልስ ነበር። ጩኸቷን ሰምታ ቀድማ የደረሰችው ያችው የሃምሳ አለቃው ባለቤት ናት። ሌላው ሰው ውሃ ፍለጋ ሲራወጥ እርሷ የላምባው ጀሪካን ከውስጥ መሆኑን አስታወሰች። ገብታ ጎትታ አወጣችው። የጀሪካኑ እጀታ መቅለጥ ጀምሮ ስለነበር የቀኝ መዳፏ ቆዳ ተገፈፈ። ጀሪካኑ ውስጥ ቢቀር ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር ለወታደር ማብራራት አያስፈልግም።

ሕይወት አልጠፋም። ማድ ቤቱና ከእርሱ ጋር ግድግዳ የሚጋራው አንድ ክፍል ግን ወደመ። ክፍሉ ባሏ በግዳጅ ላይ የተሠዋባት አንዲት እናት መኖሪያ ነበር። አልጋው ተተካላት፤ ብርድ ልብስና ዕቃም ጓዶች አዋጥተው ሰጧት። ባሏ በወታደር ልብስ የተነሣው አንድ ፎቶግራፍ ነበራት፤ ሌላ ቅጂ አልነበረውም። እርሱ አልተተካም።

በክሊኒኩ ሄደን ስንጠይቃት የሃምሳ አለቃው ባለቤት እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ በአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር። ምን እንደምንል ጠፍቶን ቆምን። እርሷ «ተመስገን ነው፣ ልጆቹ ውስጥ አልነበሩም» አለች። ጥቂት ዝም ካለች በኋላም፣ «ቀለሙን ግን ነግሬዎት ነበር» አለች። የተናገረችው በቁጣ አልነበረም። ተቆጥታ ቢሆን ኖሮ ይቀለን ነበር።

የጦር ሰፈሩን የኤሌክትሪክ መስመር የሚከታተሉት ሻምበል ባሻ የተቃጠለውን ሶኬት ቅሪት በመሐረብ ጠቅልለው ወደ ቢሯችን አመጡ። በዕድሜ አባታችን ይሆናሉ። «ይህች ሴት ያየችውን እርስዎም እንዲያዩት ነው» ብለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ ከዚያም የሆነውን በቁጥር አስረዱን። ለአንባብያንም ይጠቅማልና እንደሚከተለው እናቀርበዋለን።

የምጣዳችን ጉልበት 3,500 ዋት ገደማ ነው። በ220 ቮልት መስመር ላይ ይህ 16 አምፔር ያህል ይሆናል። ተራው የግድግዳ ሶኬት እንዲሸከም የተሠራው ቢበዛ ይህንኑ 16 አምፔር ነው። ስለዚህ ምጣድ የተሰካበት ሶኬት እንደ ሬዲዮ ወይም እንደ ቴሌቪዥን ሶኬት በዕረፍት አይሠራም፤ ሙሉ ትጥቅ ተሸክሞ ዳገት እንደሚወጣ ወታደር በዐቅሙ ጠርዝ ላይ ነው። ሁሉም ነገር ጥብቅና ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ይችለዋል።

አሁን ስፒናው ብዙ ጊዜ ከመሰካቱና ከመነቀሉ የተነሣ የሶኬቱ የናስ ከንፈር ላላ እንበል፤ ወይም ሽቦውን የያዘው ብሎን ዞረ እንበል። በዚያች ጠባብ መጋጠሚያ ላይ ለኤሌክትሪኩ ማለፍ እንቅፋት ይፈጠራል። እንቅፋቱ ከአንድ ኦም አንድ ዐሥረኛ ብቻ ቢሆን፣ 16 በ16 ተባዝቶ በዐሥር ሲካፈል 25 ዋት ያህል ሙቀት ይሰጣል። ይህ ሬዲዮ ጠጋኞች ቆርቆሮ ከሚያቀልጡበት ትንሽ ብረት ሙቀት ጋር ይተካከላል። እንግዲህ በጣት ጫፍ በምትሸፈን ቦታ ላይ፣ ከፕላስቲክና ከደረቅ እንጨት አጠገብ፣ እንዲህ ያለ ብረት ሰዓታት ሙሉ ሲግል ይውላል ማለት ነው።

«ታዲያ ብሬከሩ ለምን አልቆረጠውም?» ብለን ጠየቅን።

«ብሬከር የሚቆጥረው በሽቦው ውስጥ የሚያልፈውን ብዛት ነው፣ መቶ አለቃ» አሉ ባሻ። «መጋጠሚያው ሲላላ ብዛቱ አይጨምርም። እንዲያውም በመጠኑ ሊቀንስ ይችላል። ብሬከሩ ከበር የቆመ ዘብ ነው፤ የሚገባውንና የሚወጣውን ይቆጥራል። በጓዳ የሚሆነውን አያይም። በጓዳ የሚሆነውን የሚያየው ቀለሙ ነው።»

ይህ የባሻ ቃል የጽሑፋችን ዋና መልእክት ነው። የጢስ መጠቆሚያ መሣሪያ መልካም ነገር ነው፤ ብዙ ነፍስ አድኗል። ሆኖም የሚጮኸው ጢስ ከተፈጠረ በኋላ ነው። የሶኬት ፕላስቲክ ወይም የሽቦ ልባስ ግን ከብዙ ቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በፊት ይናገራል። በቤታችን ያለው ተራ የሽቦ ልባስ እንዲሠራ የታሰበው እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት ነው። ከዚያ በላይ ደጋግሞ ሲግል ይጠወልጋል፣ ይጠቁራል፣ ይሰነጠቃል። ነጩ ሶኬት በመጀመሪያ ቅቤ ይመስላል፤ ቀጥሎ የተቆላ ገብስ፤ በመጨረሻም የተቆላ ቡና። የሃምሳ አለቃው ባለቤት ስለ ዋትና ስለ አምፔር አልተማረችም። ነገር ግን ቡናም ገብስም ቆልታ ታውቃለች፤ ቀለም የሙቀት ቋንቋ መሆኑን ከማንኛችንም ይልቅ የምታውቀው እርሷ ነበረች።

የሳይንስ ሰዎች ይህንኑ ቋንቋ በሥርዐት እንዲናገሩ አድርገው የሠሯቸው ቁሶች አሉ። እነዚህን በሁለት ወገን ከፍሎ ማየት ይቻላል፤ የሚረሱና የማይረሱ።

የሚረሱት ሲሞቁ ቀለማቸውን ይለውጡና ሲበርዱ ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። ከመዳብ፣ ከሜርኩሪና ከአዮዲን የተቀመመ አንድ ቀይ ዱቄት 70 ዲግሪ ግድም ሲደርስ ወደ ጥቁር ቡናማ ይለወጣል፤ በመዳቡ ፋንታ ብር የገባበት ቅመም ደግሞ በ50 ዲግሪ ገደማ ከቢጫ ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል። እንዲህ ያሉ ቅመሞች በሚሽከረከሩ ማሽኖች መጋጠሚያ ላይ እየተቀቡ መጋላቸውን ያሳዩ ነበር። ሜርኩሪ መርዝ ስለሆነ ዛሬ በብዛት ተመራጭ የሆኑት ሌሎች ማቅለሚያዎች ናቸው። ትኩስ ሻይ ሲቀዳበት ሥዕል የሚያወጣ ሲኒ ያየ ሰው የእነዚህን ዘመድ አይቷል።

የማይረሱት ግን አንዴ ከተለወጡ አይመለሱም። ከነዚህ መካከል አንደኛው በኤሌክትሪክ ሠራተኞች ዘንድ የታወቀው ትንሽ ተለጣፊ ነው። በመካከሉ ነጭ ነጥብ አለው፤ የተወሰነለት የሙቀት ደረጃ ሲደርስ ነጥቡ ይጠቁራል። ምሥጢሩ ቀላል ነው። በጥቁር ወረቀት ላይ በተወሰነ ሙቀት የሚቀልጥ ነጭ ደቃቅ ቅመም ይቀባል። ደቃቁ ብርሃንን ስለሚበትን ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ሲቀልጥ ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል፤ ከሥሩ ያለው ጥቁር ይገለጣል። የሻማ ጠብታ በወረቀት ላይ ሲወድቅ ወረቀቱ ብርሃን የሚያሳልፍ ሆኖ የሚታየው በተመሳሳይ ምክንያት ነው።

ለምጣድ የሚያስፈልገው ይህ የማይረሳው ዓይነት ነው። ምጣድ በየቀኑ አይጣድም። በጋገራ ቀን የጋለው ሶኬት በማግሥቱ ቀዝቅዞ ይገኛል፤ በእጅ ቢዳሰስም ምንም አይናገርም። ትናንት የሆነውን ለዛሬ የሚያቆይ ምስክር ያስፈልጋል።

እናቶች ይህን ዓይነት ምስክር ከኤሌክትሪክ ሠራተኞች ቀድመው ያውቁታል ብንል ማጋነን አይሆንም። ልጆቻቸውን ሊያስከትቡ ሲሄዱ ክትባት ሰጪዋ የብልቃጡን ምልክት አተኩራ ስትመለከት አይተው ይሆናል። በምልክቱ ላይ አንድ ክብ፣ በክቡ ውስጥም አንድ ትንሽ አራት ማዕዘን አለ። አራት ማዕዘኑ ከክቡ የነጣ እስከሆነ ድረስ ክትባቱ ከሙቀት ጉዳት ተጠብቋል። ጠቁሮ ክቡን ከመሰለ ወይም ከበለጠ ግን ብልቃጡ ሙቀት ስለበዛበት ይወገዳል። ይህ ምልክት በሥራ ላይ መዋል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 በሚጠባ የፖሊዮ ክትባት ላይ ነበር። ብልቃጡ ከፋብሪካ እስከ ጤና ጣቢያ ያየውን ሙቀት ሁሉ እየደመረ በቀለሙ ላይ ያስቀምጣል። በመንገድ ላይ ማቀዝቀዣው ቢጠፋና ማንም ባይናገር እንኳ ምልክቱ አይሸሽግም።

ሌላም በየኪሳችን የሚገኝ አለ። ከሱቅ የሚሰጠን ደረሰኝ የሚታተምበት ለስላሳ ወረቀት በቀለም የሚጻፍበት አይደለም። ወረቀቱ ራሱ ሙቀት ሲነካው ይጠቁራል፤ ማተሚያው የሚጽፈው በሙቀት ነው። ባሻ ይህን ሊያሳዩን ከኪሳቸው አንድ የካንቲን ደረሰኝ አወጡና የጋለ ሻይ በያዘ ብርጭቆ ላይ ጠቀለሉት። ዐይናችን እያየ ጽሑፍ ያልነበረበት ጎኑ ግራጫ ሆነ። «ይህ ማስተማሪያ እንጂ መሣሪያ አይደለም» ሲሉም አስጠነቀቁን። ደረሰኝ በስንት ዲግሪ እንደሚጠቁር ተለክቶ ዋስትና የተሰጠው አይደለም፤ ወረቀት ስለሆነም በጋለ መጋጠሚያ ላይ ቢለጠፍ ራሱ የእሳት ማቀጣጠያ ይሆናል። ነገር ግን ከዚያን ዕለት ጀምሮ ቀለም ሙቀትን ይመዘግባል የሚለው ነገር ከወሬ ወደ ዕውቀት ተለወጠልን።

የሠራዊቱ አባላት «ይህ የማድ ቤት ጉዳይ ነው» ብለው ገጹን እንዳይገልጡት ወደ ራሳችን ሙያ እንመለስ። በአካዳሚ ሳለን የመሣሪያ መምህራችን አንድ የተወለወለ የብረት ቁራጭ በእሳት ላይ ይዞ ቀለሙን እንድናነብ ያደርገን ነበር። ብረቱ 220 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ የገለባ ቢጫ ይሆናል፤ ከዚያ ወደ ቡናማና ወደ ሐምራዊ ያልፋል፤ 300 ዲግሪ አካባቢ ሰማያዊ ይሆናል። የአገራችን ባለ እጆችም ቢላዋና ማጭድ ሲሞርዱ በዚሁ ቀለም ይመራሉ። ብረቱ ላይ ያለው ስስ የዝገት ሽፋን ከሙቀቱ ጋር ስለሚወፍር ብርሃኑን በልዩ ልዩ ቀለም ይመልሰዋል። ብረቱ ከቀዘቀዘም በኋላ ቀለሙ አይለቅም። ከማይረሱት ወገን ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያስተምረው የባሩድ ታሪክ ነው። ጢስ አልባው ባሩድ ከናይትሮ ሴሉሎስ የሚሠራ በመሆኑ በዕድሜና በሙቀት ብዛት ቀስ በቀስ ይበላሻል። ሲበላሽ አሲዳማ ጋዝና ሙቀት ይሰጣል፤ እነዚህ ደግሞ መበላሸቱን ያፋጥኑታል። በመጨረሻም ማንም ክብሪት ሳይጭር ራሱን በራሱ ሊያቀጣጥል ይችላል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 12 ቀን 1907 ኢዬና የተባለችው የፈረንሳይ የጦር መርከብ በቱሎን ወደብ ለጥገና ቆማ ሳለች ፈንድታ ከመቶ በላይ ሰው አለቀ። በአራት ዓመቱ፣ መስከረም 25 ቀን 1911፣ ሊቤርቴ የተባለችው መርከብ በዚያው ወደብ ፈነዳች፤ የሞቱት ከሁለት መቶ ይበልጣሉ። በሁለቱም አደጋ ተጠያቂ የሆነው ያረጀና የተበላሸ ባሩድ ነበር። ያጠፋቸው ጠላት አልነበረም፤ በራሳቸው ግምጃ ቤት ያስቀመጡትና ያላዩት ነገር ነው።

ጦር ኃይሎች ይህን ለመከላከል ከሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች አንዱ የቀለም ምስክር ነው። ከባሩዱ ናሙና ተወስዶ በመፈተሻ ቱቦ ውስጥ ይደረጋል፤ ከበላዩ ሜቲል ቫዮሌት በሚባል ማቅለሚያ የተነከረ ሐምራዊ ወረቀት ይንጠለጠላል፤ ቱቦው እንደ ባሩዱ ዓይነት በ120 ወይም በ134.5 ዲግሪ ይሞቃል። ባሩዱ የሚሰጠው ጋዝ ወረቀቱን ከሐምራዊ ወደ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ይለውጠዋል። ለመለወጥ ረዥም ጊዜ ከወሰደ ባሩዱ ጤነኛ ነው፤ ቶሎ ከተለወጠ ከግምጃ ቤት መውጣት አለበት። እንግዲህ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ቀለሟን በመለወጧ ብቻ አንድ ግምጃ ቤት፣ አንድ የጦር ሰፈር ልታድን ትችላለች ማለት ነው። ወረቀቷን የሚያነብ ሰው እስካለ ድረስ!

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ቀለም ምስክር እንጂ ዘበኛ አይደለም። አይጮህም፣ በር አያንኳኳም፣ የተኛ ሰው አይቀሰቅስም። በጨለማ የለም፤ ከቁም ሣጥን ጀርባ ያለም አይታይም። ተመራማሪዎች ይህን ጉድለት ለማሟላት ይደክማሉ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2018 በሻንጋይ የሚገኙ የሴራሚክ ተመራማሪዎች ራሱ የማይቃጠል፣ ሲግል ደግሞ ኤሌክትሪክ አሳልፎ ደወል የሚያስጮህ የግድግዳ ወረቀት መሥራታቸውን አስታውቀዋል። እንዲህ ያለው ነገር አንድ ቀን በየቤታችን ይደርስ ይሆናል። እስከዚያው ግን በቀለሙና በደወሉ መካከል ያለውን ቦታ የሚሞላው የሰው ዓይንና የሰው አንደበት ነው።

እዚህ ላይ ግለ ሂሳችንን እንጨርስ። በዚያ ኅዳር በማድ ቤታችን ምንም ዓይነት የመሣሪያ ጉድለት አልነበረም ለማለት እንደፍራለን። ቀለሙ ተናግሯል። ዓይን አይቷል። አንደበትም በትክክለኛው ጊዜ፣ ለትክክለኛው ሰው ተናግሯል። የጎደለው ጆሮ ነበር። ለምን እንዳላደመጥን ራሳችንን መርምረናል። ሥራ ስለበዛብን ነው ማለት ይቻል ነበር፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሪፖርቱ ከአንድ ምድብተኛ ወይም ከአንድ የጥበቃ ኃላፊ መጥቶ ቢሆን ኖሮ በዚያው ሰዓት ስልክ እናነሣ ነበር። የመጣው ነጠላ ከለበሰች እናት ነው፤ ስለ ማድ ቤትም ነው። «ከሠራማ ምን ችግር አለው» ያሰኘን ይህ ነው። የሚያስተምር ሰው ከአዳራሹ መድረክ ሲወርድ ተማሪ መሆን ካልቻለ ትምህርቱ ጭብጨባ ብቻ ነው።

ዛሬ በአዲሱ ማድ ቤት የምጣዱ መስመር ከቆጣሪው ራሱን ችሎ የመጣ ወፍራም ሽቦ ነው፤ ማከፋፈያ አይሰካበትም። ሶኬቱ ከእንጨት ላይ ተነሥቷል። ላምባው በሌላ ቤት ይቀመጣል። ባሻ በሶኬቱና በብሬከሩ ሽፋን ላይ የማይረሱትን ተለጣፊዎች ለጥፈዋል። ከሁሉም በላይ ግን የተለወጠው ልማዳችን ነው። ቅዳሜ ማታ ጋገራው ሲያበቃ ተረኛዋ እናት ብሬከሩን ታጠፋለች፤ ምጣዱ ከቀዘቀዘ በኋላ ስፒናውን ነቅላ እግሮቹን፣ የሶኬቱን ቀዳዳዎችና የገመዱን አንገት በባትሪ ብርሃን ታያለች። ያየችውን በመዝገብ ላይ ታሰፍራለች፤ ሰኞ ጧት ባሻ መዝገቡን አንብበው ይፈርማሉ። ሪፖርቱ በማን ደብተር ውስጥ እንደማይቀር የተረጋገጠው በዚህ ፊርማ ነው።

በየቤታችሁም ይህን ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም። ነጭ የነበረ ሶኬት ቢጫ ወይም ቡናማ ከሆነ፣ የስፒናው እግር ሰማያዊ ወይም ጥቁር ካወጣ፣ ገመዱ ከስፒናው ሥር ከጠወለገ፣ «ይሠራል» ብላችሁ አትለፉት። በመጀመሪያ ከብሬከሩ አጥፉት፤ የጋለውን ስፒና በእጃችሁ አትንቀሉ። ባለሙያ አይቶ መጋጠሚያውን እስኪለውጠው ድረስ ዳግም አትጠቀሙበት። ሶኬቱን ብቻ ለውጦ የላላውን ሽቦ መተው ምስክሩን ገድሎ ወንጀሉን እንደ ማስቀጠል ነው። እሳት ከተነሣም ኤሌክትሪኩ ሳይቋረጥ ውሃ አታፍስሱ፤ ልጆችን አስወጡ፣ ሰው ጥሩ።

የሃምሳ አለቃው ባለቤት መዳፍ ድኗል፤ ጠባሳው ግን ጣቶቿን ሙሉ በሙሉ እንዳትዘረጋ አድርጓታል። ሊጥ የምታቦካው በግራ እጇ ነው። የማድ ቤቱ ቁጥጥር ኃላፊ እርሷ ትሁን ብለው የመረጧት እናቶች ናቸው፤ እኛ አላቀረብናትም። ባለፈው ቅዳሜ በዚያ በኩል ስናልፍ ባትሪውን በጠባሳው እጇ ይዛ ጎንበስ ብላ ነበር። ስታየን ቀና አለችና፣ «መቶ አለቃ፣ ነጭ ነው» አለች። ቆመን አዳመጥናት፤ ጎንበስ ብለንም በዓይናችን አየነው። ነጭ ነበር።

«ሶኬት፣ ማድ ቤት» የሚለው መስመር አሁንም በማስታወሻ ደብተራችን ላይ አለ። አልሰረዝነውም።

ውድ አንባብያን፤ ይህን ገጽ አንብባችሁ ከማጠፋችሁ በፊት ተነሡና የምጣዳችሁን ሶኬት ተመልከቱ። እናንተም ባሎች፣ ዛሬ ማታ ባለቤታችሁ «ቀለሙ አላማረኝም» ካለቻችሁ፣ ቅጠሉ ገና በእጃችሁ ነውና አድምጧት።